በሸለቆው መግቢያ በስህተት ያናገርኩት ሰው

ታላቅ እህቴ ባል ልታገኝልኝ ቆርጣ ተነስታ ነበር። የመረጠችልኝ የመሥሪያ ቤቷን ሒሳብ ሹም ነው። «ተራራ መውጣት ይወዳል፤ በዚያው ትተዋወቃላችሁ» ብላ ከዳቦ ቤቴ ጎትታ አወጣችኝ።

የበረዶው ወራት ገና መግባቱ ነበር። ከአውቶቡስ ስወርድ አንድ ረጅም ሰው ሸለቆው መግቢያ ላይ ቆሞ ፈገግ አለልኝ። ነገር ማንዛዛት አልወድም፤ ቀጥ ብዬ ሄድኩ።

«ስማ፣ ከአሁኑ እንዲገባህ... እህቴ ጎትጉታኝ እንጂ ባል ፍለጋ አልመጣሁም!»

ሰውዬው ግራ ገባው።

«እኔም ሚስት ፍለጋ አልመጣሁም። መንገድ መሪያችሁ ነኝ። ሻንጣዎን ልቀበልዎ?»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ! ሒሳብ ሹሙ ለካ ገና ከእህቴ ጋር ከኋላዬ እየወረደ ነው።

ዳገቱን ስንወጣ እኔና መሪው ከፊት ሆንን። እሱ እየሳቀብኝ፣ እኔም እየሳቅኩበት... «እርስዎ» ማለቱን ትቶ «አንቺ» አለኝ። ሊጥ በብርድ እንዴት ኩፍ እንደሚል ጠየቀኝ። እንደዚያ ከልቡ ያዳመጠኝ ሰው አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ግን ካደርንበት ማረፊያ ጎጆ ደጅ ፊቱ ተለውጦ ጠበቀኝ።

«ገመዱን አጥብቀው ይያዙ፣ እመቤት።»

እመቤት?! ልቤ ስንጥቅ አለ።

ከተራራው መተላለፊያ በታች ስንደርስ በረዶ መውረድ ጀመረ። ሸለቆው ባንድ አፍታ ነጭ ሆነ።

«ከዚህ በላይ አይወጣም። እንመለስ» አለ መሪው።

«ጫፉ ላይ ደርሰን?» ብሎ ሒሳብ ሹሙ ብቻውን ወደፊት ገሰገሰ። ብዙም ሳይርቅ ተንሸራተተና ገደሉ አፋፍ ላይ ተንጠለጠለ!

መሪው በሆዱ ተኝቶ እጁን ያዘው። እኔ ደግሞ የመሪውን እግሮች ይዤ ተቀመጥኩባቸው። ሊጥ ሲያቦካ የኖረ ክንድ ቀላል እንዳይመስላችሁ! እህቴ ከኋላ ወገቤን ይዛ ትጮሃለች። ሳብ፣ ሳብ... ወጣ።

ወደ ማረፊያው ጎጆ ተመልሰን ምድጃውን ከበብን። ሒሳብ ሹሙ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ይንቀጠቀጣል። እኔ ወደ መሪው ዞርኩ።

«ለምን ተለወጥክብኝ?»

«እህትዎ... ለሒሳብ ሹሙ እንደታጩ ነገሩኝ።»

«እኔ ሳላውቅ?»

እህቴ አንገቷን ደፋች። «ይሆናል ብዬ ነው፣ ሚጢጢ... ብቻሽን እንዳትቀሪብኝ ፈርቼ።»

አቀፍኳት። «እትዬ፣ እናት ሆነሽ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ። ባሌን ግን ራሴ እመርጣለሁ። መርጫለሁም።» ከዚያ ዓይን ዓይኑን አየሁት። «አንተን ነው። ምን ትላለህ?»

በዚያ ብርድ ግንባሩን አላበው።

«ገደሉ ላይ እንኳ እንዲህ አልፈራሁም... እሺ! እሺ እንጂ!»

«እኔን ያተረፋችሁኝ ይህን ልታሳዩኝ ነው?» አለ ሒሳብ ሹሙ ከብርድ ልብሱ ውስጥ። ሁላችንም በሳቅ ፈረስን።

በረዶው ሲቀልጥ ተጋባን። ዛሬም ተራራ በሄደ ቁጥር እፈራለሁ፤ አልዋሽም። ሲመለስ ግን እርምጃውን ከደረጃው ሥር እለየዋለሁ። ሳያንኳኳ በሩን እከፍትና ዱቄት በነካው እጄ አንገቱ ላይ እጠመጠማለሁ።