የቀማሿ መቀነት

በሰንደል መንግሥት፣ በመናገሻይቱ በአርማን ከተማ፣ ዝናብ በቀረ በሦስተኛው ዓመት ሰባት ቀን ሙሉ አንድም ሕፃን ርቦት አላለቀሰም። እናቶች ተመስገን አሉ፤ ንጉሥ አዝማሮንም በአደባባይ ነጋሪት አስመታ። በዚያ ሁሉ ደስታ መካከል ፊቷ ያልተፈታ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ እሷም የንጉሡ ቀማሽ ታርያን ናት።

የቀማሽ ሥራ ሰው ማመንን ያስረሳል። ታርያን ከልጅነቷ ጀምሮ ከየወጡ አንድ ጉርሻ፣ ከየብርሌው አንድ ጉንጭ ስትቀምስ ኖራለች፤ መርዝ ካለበት ቀድማ ልትሞት፣ «ያልቀመስኩትን ለሰው አላቀርብም» ብላ በሰይፍ ፊት ምላለች። ሰው ፈገግ ቢልላት እንኳ መጀመሪያ የምታስበው ፈገግታው ውስጥ ምን እንደተጨመረበት ነው።

በዚህኛው ጉዳይ ግን ያስጠረጠራት የገዛ አባቷ ነበር። ጎርዳድ የዱሮ ጋሻ ጃግሬ ሲሆን፣ አንድ ሙክት ለብቻው ጨርሶ «ቁርስ ደረሰ ወይ?» የሚል፣ አገር ያወቀው በላተኛ ነበር። አሁን ገበታው ፊት ተቀምጦ እጁን አይዘረጋም። ጉንጩ ጎድጉዷል፣ ክንዱ መቃ አክሏል፣ ፊቱ ግን ሠርግ ቤት እንደዋለ ሰው ያበራል።

«አባባ፣ ምን በልተው ነው የጠገቡት?» አለችው።

«የዛራምን ጻሕል አይቼ ነዋ፣ ልጄ! እንዲህ ያለ ጥጋብ በዘመኔ አላውቅም።»

ዛራም ከክርማት ተራራ የወረደ የአፍዝ አደንግዝ አዋቂ ነው። ጀምበር ስታዘቀዝቅ በቤተ መንግሥቱ ሰገነት ቆሞ እንደ ሳህን ጎድጎድ ያለ የመዳብ ጻሕል በሰንሰለት ያወዛውዛል፤ በለዘበ ድምፅም «ዓይናችሁ ይክበድ፤ ሆዳችሁ ሙሉ ነው» ይላል። ሕዝቡ ይፈዛል፤ ሲነቃ ረሃቡ የለም። ከዚያም ለጠገበ ሰው እህል ምን ያደርግለታል ተባለና፣ የየቤቱ ጎተራ በበቅሎ እየተጫነ ወደ ክርማት ይጓዝ ጀመር። የሚጭነው ባለጎተራው ራሱ ነው፤ ያውም እያመሰገነ። በመጨረሻም ዛራም ጻሕሉን ይዞ እህሉን ተከትሎ ወደ ተራራው ተመለሰ።

ታርያን ዙፋኑ ፊት ተንበረከከች። «ጃንሆይ፣ ይህ ሰው ረሃባችንን እንጂ ችጋራችንን አልወሰደልንም። ሰው እየሞተ ነው፤ ሆዱ ግን መሞቱን አይነግረውም። ጻሕሉን ይዤ ካልተመለስኩ ምድር አትቀበለኝ!»

«እኔ እንኳ ጠግቤያለሁ» አለ ንጉሡ፣ ፈገግ ብሎ። እሷም ከዚያ ቤት እርዳታ እንደማይመጣ ገባት።

ሁለት ሰዎች ተከተሏት። አንዱ ድማሞ ነው፤ ዛራም ሲመጣ ጠረፍ የነበረ ጦረኛ። ሁለተኛዋ ክርማት ላይ ተወልደው ያደጉ፣ ዓይነ ስውሯ እመት ሽርጋ ናቸው። እመት ሽርጋ የታርያንን መቀነት ጫፍ ይዘው ከኋላዋ ይራመዳሉ፤ ነፋሱን እያሸተቱ «ወደ ግራ፣ ልጄ» ይላሉ።

ስንቃቸው አንድ አቁማዳ በሶ ነበር፤ ለሦስት ሰው፣ ለአሥር ቀን የተሰፈረ። ታርያን በየማለዳው ትቀምሰዋለች፤ ከዚያ ለሁለቱ ታድላለች። በአሥረኛው ቀን አቁማዳውን ብታነሳው ሲሶው አልተነካም።

ከመካከላቸው አንዱ አይበላም ማለት ነው፤ የማይበላውም የዛራም ሰው ነው። እመት ሽርጋ ጻሕሉን ሊያዩ አይችሉም። ድማሞ ግን ጠረፍ ነበርኩ ቢልም ምስክር የለውም፤ እያንጎራጎረም ቀስ ብሎ ያላምጣል።

«አፍህን ክፈት» አለችው።

«ምን? ጥርሴን ልትቆጥሪ ነው?» ከፈተ፤ በሶ ሞልቶታል። እሷ ግን አላመነችውም፤ ከኋላዋ እንዳይሆን ብላ ፊት ፊት እንዲሄድ አደረገችው።

እመት ሽርጋ ድንገት ቆሙ። «ልጄ፣ ከአርማን ስንወጣ የያዝኩት የመቀነትሽ ጫፍ አንድ ስንዝር ነበር። ዛሬ ሁለት ክንድ ሆኖ እግሬን ይጠልፈኛል። መቀነት ደግሞ አያድግም።»

ታርያን ወገቧን ዳሰሰች፤ አጥንት ነው። ዛራም ጻሕሉን መጀመሪያ ባወዛወዘበት ምሽት ከንጉሡ ጎን ቆማ አይታለች። አሥር ቀን ሙሉም በየማለዳው አንዴ ቀምሳ ስታቀብል፣ አፏ የለመደውን ስላገኘ የበላች መስሏታል። ሁሉን ስትጠረጥር የኖረች ሴት የገዛ ሆዷን ሳትጠረጥር ቀርታለች። በሕይወቷ እንደዚያች ሰዓት ፈርታ አታውቅም።

ድማሞ እፍኝ በሶ ይዞ ፊቷ ቆመ። «በይ፣ ተራሽ ነው፤ አፍሽን ክፈቺ» አለ። አሸዋ አሸዋ እያላት፣ እያለቀሰች ዋጠች።

እመት ሽርጋን ከክርማት አምባ በር ላይ ትተው ገቡ። የሰንደል እህል እንደ ኮረብታ ተቆልሎ ነቀዝ ይበላዋል። ዛራም ከክምሩ አናት ላይ ሆኖ ጻሕሉን ለቀቀው፤ ወዲያ፣ ወዲህ። የድማሞ ጦር ከእጁ ወደቀ፤ ዓይኑም ጻሕሉ ላይ ፈዞ ቀረ።

«ታርያን፣ ጠግበሻል» አለ ዛራም።

«ይህን ነግረኸኛል። የገዛ ሆዴን ያላመንኩ፣ አንተን ላምን ነው?» ክምሩን ወጥታ ሰንሰለቱን ነጠቀችው።

ዛራም ሳቀ። «ስበሪው እንግዲህ! የአርባ ሺህ ሰው ረሃብ በአንድ ጊዜ ይወርድባቸዋል። ደካማው በዚያው ቀን ያልቃል፤ አባትሽም ከፊተኞቹ ነው።»

እውነት ይሁን ውሸት ከፊቱ አይነበብም። ታርያን ነገርን የምታጣራበት መንገድ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ጻሕሉን ወደ አፏ አስጠግታ በምላሷ ነካችው።

ድርሻዋን ለልጇ የሰጠች እናት ረሃብ ነበረበት። ገና ጡት ያልተወ ሕፃን ረሃብ ነበረበት። ከሥር ደግሞ አንድ ትልቅ፣ ሳቂታ፣ ሙክት የለመደ ረሃብ አገኘች፤ አባቷን አወቀችው። ዛራም አልዋሸም።

«ያልቀመስኩትን ለሰው አላቀርብም» አለችና በጻሕሉ ያለውን ረሃብ ሁሉ እስከ አተላው ጠጣችው።

ጻሕሉ ለሁለት ተሰነጠቀ። በድምፁ ድማሞ ባነነ፤ ጦሩንም አነሳ። ዛራም ከዚያ ወዲያ ማንንም አላፈዘዘም።

እህሉ በበቅሎ ወደ አርማን ተመለሰ። ታርያን ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ከቤት ቤት ዞረች፤ ለእያንዳንዱ ሰው ከአንድ ማንኪያ አጥሚት ጋር የራሱን ረሃብ ጥቂት በጥቂት መለሰችለት። ቀድመው የሞቱት ሰዎች ረሃብ ግን የሚቀበለው አጣ። እሱ እሷው ዘንድ ቀረ፤ ዕድሜዋን ሙሉ ብትበላ የማይሞላ ሆኖ።

በሳምንቱ ጎርዳድ ከአልጋው ተነሥቶ ገበታው ፊት ተቀመጠ። «ቁርስ ደረሰ ወይ?» አለ። ታርያን ፊቷን አዙራ አለቀሰች።

በላ፤ እሷንም አጎረሳት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ረሃቡ ንቅንቅ አላለም። እህሉ ለከተማው ገና አይበቃም፤ እሷም ይህን ታውቃለች። እንደምንም ፈገግ አለች።

«ጠግቤያለሁ፣ አባባ።»

የጎርዳድ እጅ አየር ላይ ቆመ። ቃሉንም ፈገግታውንም ያውቃቸዋል። ዓይኑ ቀስ ብሎ ወደ መቀነቷ ወረደ።

«እኔም እንዲሁ ብዬሽ ነበር» አለ፣ ጉርሻውን ሳይመልስ። «አፍሽን ክፈቺ።»