የላይኛው ካብ

«ፍራሹን ለምን አወጣችሁት?» አለች ቀጭኔ፣ ከታችኛው እርከን አንገቷን አስግጋ።

ቀጭኔ የሚሏት በቁመቷ ነው። የታችኞቹ ጎረቤቶች ልጅ ናት፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከድንቢጥ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት።

«ፀሐይ እንዲመታው ነዋ!» አለች ድንቢጥ፣ ከላይ ከግቢያቸው።

«በዚህ ደመና? ሙድ አትያዢብኝ!» ቀጭኔ ሳቀች።

ውሸት ነበር። ነገ ጠዋት ዕቃቸውን የሚጭን መኪና ይመጣል። የድንቢጥ አባት ከተማ ጋራዥ ውስጥ ሥራ አግኝቷል። ማንስ ይፈርድበታል? ከሁለት ዓመት በፊት የላይኞቹ ጎረቤቶች በራቸውን ቆልፈው እብስ አሉ። የተራራው ደንብ ግን የታወቀ ነው፤ የሚሄድ ሰው ካቡን ጠግኖ፣ ቦዩን ጠርጎ፣ ከሥሩ ላለው ጎረቤት አስረክቦ ነው የሚሄደው። ውኃ በር ስለተቆለፈ አይመለስማ! የላይኞቹ ይህን አላደረጉም። ቦዩ ተደፈነ፣ ካባቸው ተናደ፣ ክረምቱ የእነድንቢጥን አፈር ጠራርጎ ወሰደው። የተረፈው ድንጋይ ነው፤ ድንጋይ ደግሞ አይበላም። ያኔ አባቷ የላይኞቹን ያልሰደባቸው ስድብ የለም።

ድንቢጥ ቤት ገባች። አባቷ ሣጥን በገመድ እያሰረ ነበር።

«አባዬ፣ የእኛስ ካብ? መሃሉ እኮ ተነፍቷል፤ ሊናድ ነው።»

«ሦስት ቀን ይፈጃል። ሰኞ ካልገባሁ ጋራዡ ሌላ ሰው ይቀጥራል። የታችኞቹ ከሰሙ ሳትጠግን ንቅንቅ አትልም ይሉኛል። ትንፍሽ እንዳትዪ!»

«እነሱም እንደኛ አፈር አልባ ቢቀሩስ?»

«እኔ ነኝ የጀመርኩት?» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ድምፁ ወረደ። «እኔ ነኝ እንዴ፣ ልጄ?»

ጥፋቱ የላይኞቹ ነው እንዳትል፣ እነሱም የሄዱት ልጃቸው ታሞ የመንደሩ ክሊኒክ ስለተዘጋ ነው። ክሊኒኩ የተዘጋው ሰው ስላነሰ ነው። ሰው ያነሰው ደግሞ... ነገሩ እንደተተበተበ ክር ሆነባት፤ አንዱን ስትፈታው ሌላው ይቋጠራል። አባቷን ልትጠላው ሞከረች፤ አሳዘናት። ከሁሉ የባሰው፣ ከተማው ያጓጓታል። ሲያጓጓት ደግሞ ታፍራለች።

ውጭ ወጣች። ቀጭኔ ከካቡ ሥር ጎንበስ ብላ ሽንኩርት ትኮተኩታለች።

«ቀጩ፣ እናትሽ አሉ?»

«አለች። ምነው?» አለች ቀጭኔ እየሳቀች።

ድንቢጥ ወደ ኋላዋ ዞረች። አባቷ በሩ ላይ ቆሞ ያያታል። አልጠራትም፤ ተይም አላላትም።

«ጥሪያቸው። ነገ ልንሄድ ነው።»

የቀጭኔ ሳቅ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ። ወደ ቤቷ ሮጠች። ትቆጣ ይሆን? ታለቅስ ይሆን? ድንቢጥ አላወቀችም። ተንበረከከችና የተነፋውን እንደ አዲስ ልትክበው ከካቡ አናት ላይ የላላውን ድንጋይ በሁለት እጇ አንስታ ጎን አስቀመጠች። ቀጥሎም ሁለተኛውን።