ዘረመምህር የጠረጠረው ወንድም

ዘረመምህር ከየተማሪው ጣት አንዲት ጠብታ ደም ሳይቀምስ ትምህርት አይጀምርም። ነርሷ ሰዓዳም እንደ ልማዷ ጣቷን በማስተማሪያው መስታወት ላይ ጫነች። ዘረመምህር ሰው አይደለም፤ ጂኖሚክስ የሚባለውን የዘር ትምህርት ለነርሶች በኦንላይን የሚያስተምር ማሽን ነው። የባቲም የወልዲያም ነርሶች በየመስታወታቸው ይማሩበታል። ደሙን ምን እንደሚያደርገው ሰዓዳ አንድ ቀን ጠይቃው «ለትምህርት» ብሏት ነበር። አላመነችውም። ደም እየወሰደ ደሞዝ የማይጠይቅ አስተማሪ ማን ያምናል?

ቢሆንም ትማራለች። ከቦርከና ወንዝ በላይ በተንጠለጠለው ጤና ጣቢያ ሐኪም የለም። ይህን ኮርስ ያለፈ ነርስ ግን ልክስፌት ማዘዝ ይችላል፤ ልክስፌት በአንድ ሰው ዘር ልክ ብቻ የሚሰፋ መድኃኒት ነው። ወንድሟ ሙሄ ያለሱ አይተርፍም። ደሙ ራሱን እየበላው፣ ከጎኗ ባለው አልጋ ላይ ገርጥቶ ተኝቷል።

የመጨረሻው ፈተና የራስን የዘር ሐረግ መሳል ነበር። ሰዓዳ ሙሄን ከራሷ ጎን ሳለችው፤ ለመድኃኒቱ መስፊያ የሚሆነውን የደሙን ጠብታም መስታወቱ ላይ አኖረች። መስታወቱ ቀላ።

«ተማሪ ሰዓዳ፣ ዋሽተሻል» አለ ዘረመምህር። «የሁለታችሁ ደም አይገናኝም። መድኃኒቱ በዚህ ሐረግ ከተሰፋ ይገድለዋል።»

«ወንድሜ ነው!»

«የባቲዎቹም እንዲሁ ብለዋል። ከዚህ አካባቢ ግማሹ ተማሪ ዋሽቷል። ምን እየደበቃችሁኝ ነው?»

ምን ይደበቃል? የሙሄ እናት በአራስነቷ ሞተች። ጎረቤቷ የነበሩት የሰዓዳ እናት ወይዘሮ ዘሃራ ሰዓዳን በአንዱ ጡታቸው፣ ሙሄን በሌላው አሳደጉ። በዚያ አገር አብሮ የጠባ ወንድም ነው፤ አይጋባም፣ አይካካድም። ወይዘሮ ዘሃራም ስንት ልጅ አለዎት ሲባሉ ሁለት ይላሉ። ማሽኑ ግን የተማረው ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ ሥጋ ወይም ባዳ።

ሰዓዳ ጣቷን ከመስታወቱ አነሣች። ባዳ ብላ ልትጽፈው? እሱ እየሰማ?

«ጻፊው እንጂ፣ አንቺ ግትር!» አለ ሙሄ ከአልጋው። «ባዳ ብለሽ ጻፊና እንደ እህት አድኚኝ። ሞቼ ወንድምሽ ብሆን ምን ላደርግልሽ ነው?»

ጻፈችው። መስታወቱ አረንጓዴ ሆነ። «አልፈሻል» አላት፤ እሷ ግን በጥፊ የተመታች መሰላት።

መድኃኒቱ ተሰፍቶ መጣና ሰጠችው። ሙሄ ጭልጥ ብሎ ተኛ። ልክስፌት ያስተኛል፤ ያኔ ታማሚውን የዘመድ ድምፅ ጠርቶ ካልመለሰው በዚያው ይቀራል። ዘረመምህር የሚቆጣጠረው የክፍሉ በር ግን ወይዘሮ ዘሃራን አላስገባም አለ።

«ታማሚው ዘመድ የለውም» አለ ዘረመምህር። «እኔ እጠራዋለሁ።»

በለሰለሰ ድምፅ ስሙን ከነአባቱ ስም ደጋግሞ ጠራ። ሙሄ ንቅንቅ አላለም። ሙሄን ከልጅነቱ ጀምሮ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰው የወይዘሮ ዘሃራ ድምፅ እንደሆነ ሰዓዳ ታውቃለች። ብድግ አለችና የበሩን ሽቦ በጥሳ ከፈተችው።

ወይዘሮ ዘሃራ ገቡ። «አንተ ሙሄ! ሰው እንዲህ አስጨንቆ ይተኛል? ተነሣ፣ አንተ ሰነፍ!»

የሙሄ ዐይን ተገለጠ።

መስታወቱ ቀላ፣ አረንጓዴ ሆነ፣ መልሶ ቀላ። «ይህች ሴት ማን ናት?» አለ ዘረመምህር። «ከሐረጉ ውስጥ የለችም። ምን አድርጋው ነቃ? መልሱልኝ እንጂ!»

ሰዓዳ ሙሄን ውሃ ታጠጣው ነበር፤ ወይዘሮ ዘሃራም «ቀስ በል፣ ትን ይልሃል» እያሉ ጀርባውን መታ መታ ያደርጉት ነበር።