እርጥብ እጅ

አርባ ሦስት ዓሣ ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ተንሳፍፏል። ኩሬው በረኪና በረኪና ይሸታል።

ባሱ ወንዙ ኩሬ በሠራበት ዳር ቆሞ አፉን በእጁ ያዘ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንግዶችን ወደዚህ ውኃ እየመራ ትራውት የሚባለውን የወንዝ ዓሣ ያስጠመደ ሰው ነው። የኩሬው ሕግ አንድ ነው፤ ከላባ በተሠራ ሐሰተኛ ዝንብ ታጠምዳለህ፣ አይተህ ትደሰታለህ፣ መልሰህ ትለቃለህ። ሰው ባሕር ተሻግሮ ወደዚህ የአትላስ ተራራ ጥግ የሚመጣው ለዚሁ ነው። እንግዲህ ምን ሊያይ ይመጣል?

«ይሄ ያንተ ነው?» አለች ከኋላው የጃንደርም፣ የገጠሩ ፖሊስ፣ አዛዧ ሳጅን ራቅያ።

እጇ ላይ ያለው የማጥመጃ ዝንቦቹ ሳጥን ነበር። ክዳኑ ላይ ስሙ ተቀርጿል።

«የኔ ነው። ግን ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ጠፍቶብኛል። የእንግዳ መሪዎቹ ጎጆ ውስጥ ነበር የተውኩት።»

«የተገኘው ከበረኪናው ጀሪካን አጠገብ ነው።»

«ሳጅን፣ የገዛ ጉሮሮዬን በገዛ እጄ እዘጋለሁ?»

«ስንቱን አይቻለሁ! ያልጠረጠረ ተመነጠረ። እስከ ነገ ከሰዓት ሌላ ሰው ካላገኘሁ፣ አንተም ካርድህም ወደ ከተማ ትሄዳላችሁ።»

ካርዱ ነው ነገሩን ሁሉ ያመጣው። ከዚህ ወቅት ጀምሮ የመሪነት ካርድ የሌለው ሰው እንግዳ መምራት አይችልም ተባለ። ፈተናው በወረቀት ነው። ከመንደሩ ያለፈ ባሱ ብቻ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ግማሹ መንደር ሰላምታውን የሚመልስለት በግድ ነው።

ሻይ ቤት ሲገባ ወሬው ቀጥ አለ። እነዚህ ሁሉ ዓይኖች! የትኛው ነው ያፈሰሰው? ቦታ የለቀቁለት ሽማግሌው ዳዳ ዓቃ ብቻ ነበሩ። ዓሣ ማጥመድ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። «ትራውትን በደረቅ እጅ አትንካ፤ ያቃጥላታል። መጀመሪያ እጅህን አርጥብ» እያሉ ስንት ጊዜ ገሥጸውታል!

«ጠጣ ልጄ፣ ፊትህ አመድ መስሏል» አሉ ሻዩን እየቀዱ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሕማድን ይፈትሹት። ባለፈው ሳምንት ኩሬው ዳር ሲያንዣብብ አይቼዋለሁ።»

ሕማድ መንገድ ዳር ዓሣ ጠብሶ የሚሸጥ፣ ከባሱ ጋር ዓመት ሙሉ የተኳረፈ ሰው ነው። ባሱ የሰማውን ነግሯት ሳጅን ራቅያ ማቀዝቀዣውን ስታስከፍት አሥራ አንድ ትራውት ወጣ።

«ከእርባታ ነው የገዛሁት! እናቴ ትሙት!» ጮኸ ሕማድ።

«እናትህ ከሞተች አሥር ዓመቷ ነው» አለች ሳጅኗ። «ባሱ፣ አንተ እያቸው።»

ባሱ አንዱን አገላብጦ አየ። ዝም ቢል ይበቃው ነበር። ዝም ማለት አማረው፣ እውነቴን ነው፣ በጣም አማረው።

«አልዋሸም» አለ በመጨረሻ። «የእርባታ ዓሣ ክንፉ ከገንዳው ሲሚንቶ ጋር እየተፋተገ ያልቃል። እዩት፣ ተሸርፏል። የወንዙ እንዲህ አይደለም።»

ሳጅኗ ባሱን ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«ሞኝ ነህ ወይስ ብልጥ? ገመዱ ወዳንተ ተመለሰ እኮ።»

በማግስቱ ጠዋት ባሱ የሞቱት ዓሦች የተዘረጉበትን ጆንያ ገልጦ አንድ በአንድ አገላበጣቸው። እሜቴ የለችም። የኩሬው አሮጊት ትራውት፣ ጀርባዋ ላይ ጠባሳ ያለባት፣ እንግዳ ሁሉ ሊያያት የሚመኛት እሜቴ! በበረኪና የሞተ ዓሣ ደግሞ ማንም ሊበላ አይወስድም።

አንድ ሐሳብ መጣበት። ወደደው ማለት አይቻልም። በረኪናው ወደማይደርስበት፣ ከፏፏቴው በላይ ወዳለው ምንጭ ወጣ።

እዚያ ነበረች። የምንጩ መውጫ በአዲስ ድንጋይ ተዘግቶ፣ ወፍ እንዳያያት ቅጠል ተጥሎባት፣ በሕይወት ትዋኛለች። ያንን ፏፏቴ የሚወጣ ዓሣ የለም። አንድ ሰው መርዙን ከማፍሰሱ በፊት አጥምዶ፣ በባልዲ ተሸክሞ አምጥቷታል። በደረቅ እጅ የተያዘ ዓሣ ገላው ይበላሻል፤ እሷ ግን ከድሮ ጠባሳዋ በቀር ንጹሕ ናት።

ባሱ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «አይሆንም» አለ ለራሱ። ከዚያ ወርዶ ለሳጅኗ ያየውን ነገራትና አንድ ነገር ለመናት።

ከሰዓት ሻይ ቤቱ ሲሞላ ሳጅን ራቅያ በሩ ላይ ቆመች።

«ስሙ! በረኪናው ኩሬው ላይ ብቻ አይደለም የፈሰሰው። ምንጩም ተመርዟል። ማንም ከዚያ እንዳይጠጣ!»

መንደርተኛው ተንጫጫ። ሕማድ ተሳደበ። ዳዳ ዓቃ ግን ብርጭቋቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ።

«ፍየሎቼን ልያቸው» ብለው ወጡ።

ፍየሎቹ ታች ናቸው። እሳቸው ሽቅብ ሄዱ። የሰባ ዓመት ሰው አንዴም ሳያርፍ ያን ዳገት ወጣ። ባሱና ሳጅኗ ከኋላ ተከተሉ።

ሲደርሱ ሽማግሌው ተንበርክከዋል። ቅጠሉን ገለጥ አደረጉ። መጀመሪያ ሁለት እጃቸውን ውኃው ውስጥ ነክረው እስኪቀዘቅዙ ጠበቁ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ከሆዷ ሥር ሰደዱ።

«አለሽ» አሉ። «ተመስገን፣ አለሽ።»

«አለች» አለች ሳጅን ራቅያ። «ምንጩን ማንም አልነካውም። እርስዎ ግን እዚህ እንዳለች በምን አወቁ?»

ሽማግሌው አልዞሩም።

«አርባ ዓመት እንግዳ መራሁ» አሉ። «ማንበብ አትችልም ብለው ካርድ ከለከሉኝ። እሺ፣ መንግሥት ነው። አንተ ግን ባሱ፣ እንግዶቹ ፊት ምን አልከኝ? ‹ዳዳ፣ የምሳውን ቅርጫት ይያዙልኝ።› ቅርጫት! እኔ ያስተማርኩህ ልጅ!»

«ቤት ከሚውሉ ከኔ ጋር ይዋሉ ብዬ እኮ ነው!»

«ወንዙ ከኔ ከሄደ ላንተም አይቅር አልኩ።»

«ሳጥኔንስ?»

«እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት።»

ባሱ ሊናደድ ፈለገ። የመጣበት ግን ዕንባ ነው።

«እሷን መጀመሪያ አወጧት» አለ። «እኔንስ፣ ዳዳ?»

ዳዳ ዓቃ ቅጠሉን መልሰው አለበሷት።

«ድንጋዩን ከሳምንት በፊት እንዳትከፍተው» አሉ። «ታች ያለው ውኃ ይጥራ።»

ከዚያ እጃቸውን በጀለቢያቸው ጠርገው፣ አድርቀው፣ እንድታስራቸው ለሳጅኗ ዘረጉላት።