እናቶች በባጃጅ

«እናቶች በባጃጅ ይከተላሉ» አሉ የጉዞው ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ንጉሴ፣ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉትን ፊሽካ እያሻሹ። «አባቶችና ልጆች በሳይክል፣ እናቶች ውሃውንና ዳቦውን ይዘው በባጃጅ። ለደህንነት ሲባል ኮሚቴው የወሰነው ነው።»

ኮሚቴው አምስት ሰው ነው፤ አምስቱም ወንዶች። ትንሳኤ የሳይክሏን መሪ እንደጨበጠች እናቷን አየቻት። ጽጌ ቀና አላለችም። የግራ እጇ አንጓ በፋሻ ተጠቅልሏል። የዛሬው ውሳኔ በማን ምክንያት እንደመጣ ሁሉም ያውቃል።

የመርሳ ከተማ ቤተሰቦች የእሁድ የሳይክል ጉዞ ከተጀመረ አምስት ወሩ ነው። ከቅዳሴ መልስ ወላጅ ከነልጁ ይሰባሰብና ወደ ግራና ከተማ በሚወስደው መንገድ እስከ ድልድዩ ይነዳል፤ እዚያ ዳቦ ተበልቶ፣ ትንሽ ተጫውቶ ይመለሳል። ጽጌ ልብስ ሰፊ ናት። በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ሳይክል የተማረችው ለዚህ ጉዞ ስትል ነው። ያስተማረቻትም ትንሳኤ ናት፤ ማለዳ ማለዳ፣ ሰው ሳይበዛ፣ በትምህርት ቤቱ ሜዳ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድልድዩ ድረስ ነድታ የተመለሰች ቀን ጽጌ ለጎረቤቱ ሁሉ ስታወራ ሰንብታለች።

ባለፈው እሁድ ከድልድዩ ሲመለሱ ጽጌ ቀኝ ዳሯን ይዛ በዝግታ ትነዳ ነበር። ትንሳኤ ትንሽ ራቅ ብላ ትከተላታለች። ድንገት የአቶ ንጉሴ ልጅ ኪሩቤል ሁለት እጁን ከመሪው ለቆ፣ ቁልቁለቱን እየበረረ በትንሳኤ አጠገብ አለፈ። የፊት ጎማው የጽጌን የኋላ ጎማ መታው። እሱ እንደምንም ቆመ፤ እሷ ጠጠሩ ላይ ተዘረረች። ሰው ሲሰበሰብ ቀድሞ የተናገረው ኪሩቤል ነው፤ «እትዬ ጽጌ ድንገት ታጠፉብኝ» አለ። ትንሳኤ የእናቷን ደም እየጠረገች ስለነበር መልስ ለመስጠት ፋታ አላገኘችም።

ሰኞ በእረፍት ሰዓት ኪሩቤል ከክፍል ውጭ ጠበቃት።

«አይተሻል አይደል?»

«አይቻለሁ።»

«አባቴ ካወቀ ሳይክሌን ይነጥቀኛል። ለወልድያው የሳይክል ውድድር ደግሞ ሁለት ሳምንት ነው የቀረኝ። እናትሽም ደህና ናቸው። አታካብጂው በናትሽ።»

አምና ታይፎይድ ይዟት ስትተኛ ኪሩቤል ሦስት ሳምንት ሙሉ ደብተሯን እየጻፈ ቤቷ ድረስ አምጥቶላታል። ይህን አሰበች። እሺም አላለችም፣ እምቢም አላለችም።

ሐሙስ ዕለት ግን እናቷን «ሳይክልሽን መቼ ነው የምናስጠግነው?» ብላ ጠየቀቻት። ጽጌ ከስፌት መኪናው ላይ ዓይኗን ሳታነሳ መለሰች።

«ይቅርብኝ። እኔማ ያልታጠፍኩ ይመስለኝ ነበር። ሁሉም ሰው ታጥፈሻል ካለ ግን ታጥፌ ይሆናላ። በዚህ ዕድሜ ምን አቀበጠኝ?»

ትንሳኤ ያን ቀን እራት አልበላ አላት። እናቷ የወደቀችው አንሶ፣ አሁን የገዛ ዓይኗንና እጇን መጠርጠር ጀምራለች።

«እኔ እኮ ለሥራ ስንት ቀበሌ በሳይክል የዞርኩ ሰው ነኝ» አሉ ዛሬ፣ የአቶ ንጉሴን ትእዛዝ እንደሰሙ፣ የጤና ባለሙያዋ ወይዘሮ ገነት። «ዛሬ ምን አደረግኩና ነው ባጃጅ የምገባው?»

«እንደ ጽጌ እንዳትሆኑብን ብለን ነው» አሉ አቶ ንጉሴ ፈገግ ብለው። ከአባቶቹ አንዳንዶቹ ሳቁ። ጽጌ ፋሻዋን በነጠላዋ ሸፈነችው።

ትንሳኤ ይህን አይታ አላስቻላትም። ሳይክሏን የቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ላይ አስደግፋ ወደ ፊት ወጣች።

«ጋሽ ንጉሴ፣ እናቴ አልታጠፈችም» አለች። «ኪሩቤል ነው ከኋላ የገጫት። እጁን ለቆ ነበር የሚነዳው። አይቻለሁ። እንዳልናገር ስለለመነኝ ሳምንቱን ሙሉ ዝም ብያለሁ፤ እሱ የእኔ ጥፋት ነው።»

አቶ ንጉሴ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ኪሩቤል የፍሬኑን ሽቦ በጣቱ እየነካካ መሬት መሬት ያያል።

«እውነት ነው?»

«አዎ» አለ፣ በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ።

አቶ ንጉሴ ፊታቸው ጠቆረ። ሰዓታቸውን አዩ። «በሉ፣ ይህን ቤት እንነጋገርበታለን። ፀሐዩ ሳይበረታ እንነሳ። እናቶች፣ ባጃጁ እየጠበቀ ነው።»

ትንሳኤ የሰማችውን ማመን አቃታት። «ገጪው የእርስዎ ልጅ ሆኖ፣ ባጃጅ የምትገባው እናቴ ናት?»

«የኮሚቴ ውሳኔ ነው፣ ልጄ። አንድ ሰው ብድግ ብሎ አይሽረውም።»

«ውሳኔው እኮ በውሸት የተወሰነ ነው።»

ፊሽካው ተነፋ። አባቶቹ ዓይኗን እየሸሹ አንድ በአንድ ተነሱ፤ ልጆቹም ተከተሉ። አንዲት እናት ባጃጁ ውስጥ አንድ እግሯን አስገብታ ነበር፤ መልሳ አወጣችው።

ጽጌ ወደ ልጇ ቀረበች። «ቀጥ ብዬ ነበር የምነዳው?»

«ቀጥ ብለሽ ነበር፣ እማ።»

«አንቺ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

ጽጌ የፋሻዋን ጫፍ መልሳ አስገባች። ኪሩቤል ከጓደኞቹ ኋላ ቀርቶ ነበር። ሳይክሉን እየገፋ መጣ።

«እትዬ ጽጌ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«እኔን በሹክሹክታ ይቅርታ አትጠይቀኝ» አለችው፣ ሳትቆጣ። «ድልድዩ ጋ ሁሉም ይቆማል። ያን ቀን ታጠፈች ብለህ ለነገርካቸው ሁሉ፣ እዚያ ንገራቸው።»

ኪሩቤል በእሺታ ራሱን ነቀነቀና ሳይክሉ ላይ ወጣ። ይናገር አይናገር ትንሳኤ አላወቀችም።

«ድልድዩ ድረስ በእግር ቢሆን ከአንድ ሰዓት በላይ አይፈጅም» አለች ጽጌ፣ መንገዱን እያየች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አስራ መራመድ ጀመረች። ወይዘሮ ገነት የራሳቸውን ሳይክል ከባጃጁ ኋላ አውጥተው እየገፉ ተከተሏት፤ ሌሎቹም እናቶች ተነሱ።

ኪሩቤል ከሩቅ ዞር ብሎ አየ። ትንሳኤ ብትነዳ በሁለት ደቂቃ ትደርስበታለች። ሳይክሏ ላይ አልወጣችም። መሪውን ይዛ፣ መኪና በሚያልፍበት በኩል ሆና፣ ከእናቷ እርምጃ ጋር እኩል መራመድ ያዘች።