ያልተደፋው ቦቴ

ረግረጉ በጠራራ ፀሐይ ይፈላል። እንደ በሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ላዩን ዝልግልግ ሰማያዊ አረፋ ሸፍኖታል፤ አረፋው መሃል ሆዳቸው የተነፋ ዓሦች ተንሳፍፈዋል።

አዶሌ እግሯን ከጭቃው መንጭቃ አወጣች። በጋናዋ ቴማ ከተማ የፍሳሽ መኪና ረዳት ሆና ወራት አልፈዋል። ሾፌሩ ኦካይ «ዴዴ» ይላታል። የላኳት የስለላ ቢሮ ሰዎች ደግሞ «ሙጃ» ይሏታል። ሥራዋ አንድ ነው፤ የቀለም ፋብሪካው በድብቅ እዚህ የሚያስደፋውን መርዝ ናሙና ማውጣት።

ናሙናው አሁን በጠርሙስ ቱታዋ ውስጥ ነው።

«ዴዴ! ቱቦውን ዘርጊ እንጂ!»

«ሆዴን ቆረጠኝ! መጣሁ!»

«ያ የበቆሎ ኬንኬ ሻግቷል ብዬሽ አልነበር?» ኦካይ ከት ብሎ ሳቀ።

ከሸምበቆው ኋላ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ናሙናውን የሚረከባት መልእክተኛ መሆን አለበት።

«ዛሬ ዓሣ ይዟል?» አለች።

«የያዘውም አይበላ።»

መልሱ ልክ ነው። ጠርሙሱን አቀበለችው።

ሰውየው ዞረ።

ላርቴ! «አጎቴ» የምትለው አለቃዋ፣ ራሱ የላካት ሰው።

«አጎቴ? አንተ እዚህ ምን ታደርጋለህ?»

ላርቴ ክዳኑን ከፈተና ዓይኗ እያየ ጠርሙሱን ረግረጉ ውስጥ ደፋው።

«ተይው ልጄ። ከፋብሪካው ጋር ተስማምተናል።»

«የስንቱ ሕፃን ቆዳ ነው በዚህ ውሃ የተላጠው?»

«ድሮም ይሸት ነበር» አለ፣ ጣቱን በነጭ መሐረብ እየጠረገ።

ያ መሐረብ ከረግረጉ ይልቅ አቅለሸለሻት።

ሁለት ጎረምሶች ከሸምበቆው ወጡ።

ሮጠች።

አንድ ጫማዋን ጭቃው ዋጠው። ባዶ እግሯ አረፋው ውስጥ ሲገባ እንደ እሳት ለበለባት። ኦካይ የቦቴውን መክፈቻ ሊፈታ ጎንበስ ብሏል።

«እንዳትከፍተው! ዞር በል!»

«አበድሽ እንዴ?»

«ይቅር በለኝ ወንድሜ!»

ጋቢና ገባች። ቁልፉ እዚያው ተሰክቷል። ላርቴ መንገዱ ላይ እጁን ዘርግቶ ቆመ።

«ጠርሙሱ እንደሆነ ተደፍቷል! ምን ይዘሽ ልትሄጂ ነው?»

«አሥር ሺህ ሊትር!»

ነዳጁን ረገጠችው። ላርቴ ዘሎ ጭቃው ውስጥ ተዘረረ።

ቦቴውን ዩኒቨርሲቲ ግቢ አስገብታ ቤተ ሙከራው በር ላይ ገተረችው። ተማሪዎች ከምሳ እየወጡ ነበር። አፍንጫቸውን ይዘው ስልካቸውን ደገኑ።

«መምህሮቻችሁን ጥሩ!» ጮኸች። «ናሙና ሳይቀዱ ማንም እንዳይነካው!»

ፋብሪካው በሳምንቱ ታሸገ። ላርቴ ታሰረ።

ኦካይም ታሰረ። ሲደፋ የኖረው እሱ ነዋ። አዶሌ ልትመሰክርለት ብትለምን፣ ቢሮው «ሙጃ የሚባል ሰው አናውቅም» አለ። ልትጠይቀው ስትሄድ ኦካይ በፍርግርጉ በኩል ምራቁን ተፋባት።

«ከአንድ ሳህን እየበላሽ!»

ምራቁን ሳትጠርግ ወጣች።

ወደ ባሕር ዳርቻዋ ኬታ በምትሄድ ትሮትሮ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ተሳፈረች። የተቃጠለው እግሯ መግል ቋጥሮ ከፋሻው ሥር ይሸታል። አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት አፍንጫዋን በሻሿ ሸፍና ወደ መስኮቱ ተጠጋች።

«ምነው እህቴ፣ ዓሣ ነጋዴ ነሽ?»

«አዎ» አለች አዶሌ።