በሩን የሚከፍት ሰው

«ታዲያ ለእንግዳ በር የሚከፍተው ማን ሊሆን ነው?» አሉ አባባ ቨርነን፣ የበሩ እጀታ ላይ የተንጠለጠለችውን የብረት ሳጥን በከዘራቸው ጫፍ እየነካኩ።

የልጅ ልጃቸው ኮሪን ሳጥኗን ወደ ራሷ አዙራ አየቻት። አባባ ደረጃ መውጣት ስላቃታቸው ቤቱ ሊሸጥ ነው። የምትሸጥላቸው ደላላ ፖሌት ቁልፉን ሳጥኗ ውስጥ ቆልፋበት ሄዳለች። ገዢ ይዞ የመጣ ደላላ ሁሉ የምስጢር ቁጥሩን ነክቶ ቁልፉን ያወጣል፤ ፖሌት መምጣት አያስፈልጋትም።

«ሳጥኗ ትሠራለች፣ ፖሌት ኮሚሽኗን ትበላለች!» ብለው አባባ ሳቁ።

ቅዳሜ ጠዋት ግን ሳቁ ቀረ። ኮሪን ጓሮ ሣር ስታጭድ በማጨጃው ጩኸት የመኪና ድምፅ አልሰማችም። ሞተሩን ስታጠፋ ከቤት ውስጥ የልጆች ሳቅ ሰማች። ሮጣ ገባች። አባባ በፎጣ ብቻ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ግድግዳ ይዘው ቆመዋል። ፊት ለፊታቸው የማታውቃቸው ሰዎች ተደርድረዋል፤ አንዱ ልጅ ስልኩን አውጥቶ ሊቀርጽ ነው።

«ቤቱ ባዶ ነው ተብለን እኮ ነው» አለች ይዛቸው የመጣችው ደላላ።

«ውጡ!» ኮሪን ጮኸች። «አሁኑኑ ውጡልን!»

አባባ ክፍላቸው ገቡ። ምሳም አልበሉም።

ኮሪን ለፖሌት ደወለች።

«ገዢዎች እንደሚመጡ ለእናትሽ መልእክት ልኬላት ነበር» አለች ፖሌት።

«እማዬ ሥራ ላይ ስልክ አትይዝም! እርስዎስ የት ነበሩ?»

«የኔ ቆንጆ፣ አታካብጂው። ዴይተን ከተማ ውስጥ ሁሉም የሚሠራው እንዲህ ነው። የሻጭ ደላላ አጠገባቸው ከቆመ ገዢዎች በነፃነት አያወሩም።»

«በነፃነትማ አባባ ላይ ሳቁባቸው!»

እናቷ ከሥራ ስትመለስ ሁሉንም ነገረቻት። «እኔንም አናዶኛል» አለች እናቷ። «ግን ፖሌት ከተቀየመችን ቤቱን ማን ይሸጥልናል? ነገም ገዢዎች ይመጣሉ፤ እስኪሄዱ አባባን ይዘን መኪና ውስጥ እንቆያለን።»

«በገዛ ቤታቸው ለምን ይደበቃሉ? ሼም ነው፣ እማዬ!»



እሑድ እናቷ መኪናውን አስነስታ ጥሩንባ ነፋች። ኮሪን አልወጣችም። «አባባ፣ ሰማያዊውን ሸሚዝዎን ይልበሱ። እንግዳ ይመጣል» አለቻቸው። ሳሎን ወንበራቸው ላይ አስቀምጣቸው ከበሩ ኋላ ቆመች። ውጭ እናቷ ለሁለተኛ ጊዜ ነፋች። ከዚያ ሞተሩ ጠፋ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ደላላ ባልና ሚስት ይዞ መጣ። እጁን ወደ ሳጥኗ ሲዘረጋ ኮሪን በሩን ከፈተች።

«እንኳን ደህና መጣችሁ። ቤቱን የማሳያችሁ እኔ ነኝ። መጀመሪያ ግን አያቴን ሰላም በሏቸው።»

«እንዲህ ያለ አሠራር የለም!» አለ ደላላው። «አሁኑኑ ለፖሌት እደውላለሁ።»

ሚስትየዋ ጫማዋን ደጃፉ ላይ ባለው ምንጣፍ ጠረገች።

ደላላው ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ወደ መኪናው ተመለሰ። ባልና ሚስቱ ገብተው አባባ አጠገብ ተቀመጡ።